ሐኪም ያዘዘው ዳገት

የሺአረግ ስኳር በሽታ አልነበረባትም። ይህን ከቀበሌያችን ሊቀመንበር በስተቀር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ቤቴ መጥታ ሻይ ስትጠጣ ስኳሩን እየዛቀች ስትጨምር አይቻለሁ፣ አይቼም ዝም ብያለሁ። በዚያ ዘመን አፉን ያልያዘ ሰው የት እንደሚገባ እናውቅ ነበር።

በሽታውን የፈጠረችው ለእሑድ ጉዞዋ ስትል ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ልጇን ሣህሉን ከቤት ወሰዱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ስንቅ ስታመላልስ ሰነበተችና አንድ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ ያለው ዘብ፣ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አላት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ትርጉም አያሻውም። ሬሳውን አልሰጧትም፤ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል፣ ጥቁር መልበስም ክልክል። ብቻ አንድ ሰው፣ የታሰሩትን ልጆች የጫነው መኪና በቢዮ አዋሌ መንገድ መውጣቱን ሹክ አላት። ቢዮ አዋሌ ከከተማችን ከድሬዳዋ ወጣ ብላ በተራሮች መሐል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሺአረግ የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ልጇ ያረፈበትን አፈር ማየት።

ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዳ፣ "ስኳር አለብኝ፤ ሐኪም እሑድ እሑድ በእግርሽ ተጓዢ ብሎኛል" አለችው።

"ታዲያ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ምን አለው ጓዲት? እዚያው ወዲያ ወዲህ ማለት ነው።"

"ሐኪሙ ያዘዘልኝ ዳገት ነው።"

ወረቀቱን ሰጣት። ግን ክፋት መቼ ያልቅበታል፣ ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ምን ይሠራለታል ብሎ ከቀበሌው ሱቅ የምታገኘውን የራሽን ስኳሯን ሰረዘባት። እኔ ቤት መጥታ ሻይ የምትጠጣው ለዚህ ነው። እግዜር የሥራውን ይስጠው።

መንገድ የምትመርጥላት ካልቱን ነበረች። ካልቱን የቢዮ አዋሌ ሶማሌ ናት፤ ሣህሉ ጡት ከጣለ ጀምሮ ለሰፈራችን ወተት የምታመላልሰው እሷ ናት። ልጁ ከተወሰደ በኋላ አንድ ሰሞን ዓይኗ በርበሬ መስሎ መጣች፤ ምን ሆንሽ ስንላት የመንገድ አቧራ ነው አለችን። እሑድ ጠዋት የሺአረግ በጫት መኪና ተሳፍራ ስትደርስ ካልቱን መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቃታለች። ከዚያ ወዴት እንሂድ ነው። አንዱ መንገድ በማሽላ እርሻው መሐል ወደ ዳገቱ ይወጣል። አንዱ የደረቀውን ወንዝ ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ቁልቁል ወደ ጠባቡ ሸለቆ ይወርዳል።

"ዛሬ ሸለቆውን እንየው" ትላለች የሺአረግ።

"አቦ ተይ አዴ የሺ! እዚያ ጅብ ነው ያለው። ዳገቱ ይሻልሻል፣ ወላሂ!" ትላለች ካልቱን፤ አዴ የምትላት ስታከብራት ነው።

ሌላ እሑድ ጎርፍ ይወርዳል ትላታለች፣ ሌላ እሑድ ወታደር ሰፍሯል። የሺአረግ ለአገሩ እንግዳ ናትና ታምናታለች። በየቁጥቋጦው ሥር እያጎነበሰች፣ የተቆፈረ የመሰላትን አፈር ሁሉ በእጇ ስትዳብስ ትውላለች። ሲመሽ እግሯ አብጦ፣ ነጠላዋን እሾህ ተልትሎት ትመለሳለች። "ስኳሩስ?" እላታለሁ። "ወረድ ብሎልኛል" ትለኛለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ እሑድ ካልቱን ዘገየችባትና የሺአረግ መንገዱን ራሷ መረጠች፤ ሸለቆውን። ጅብም ወታደርም አልነበረም። ከአንድ ግራር ሥር ድንጋይ የተደረደረበት፣ ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ መቃብር አለ። አንድ ፍየል ጠባቂ ጎልማሳ አጥሩን ያድሳል። ሲያያት በእጁ የያዘው እሾህ ወደቀ። ወዲያው ካልቱን እያለከለከች ደረሰች።

"እዚህ ያለው ማነው ካልቱን?"

ካልቱን መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። "ሣህሉ ነው አዴ። ይሄ ወንድሜ ሮብሌ ነው፤ ፍየል ሲያግድ እሱ ነው ያገኘው። ጠራኝ፣ አየሁት፣ አወቅሁት። በወተቴ ያደገውን ልጅ አጣዋለሁ? ሮብሌ አጠበው። እንደኛ አድርገን ቀበርነው፣ ሌላ አናውቅም።"

"ዓመት ሙሉ ስታንከራትቺኝ!"

"ብነግርሽ ትጮኺያለሽ። ከጮኽሽ ደግሞ ሮብሌ አለቀ። ከዚያ ማዶ ሬሳ ያነሳውን ሰውዬ ወስደውት አልተመለሰም።"

የሺአረግ ድንጋዮቹን በእጇ ዳበሰች። "ማን አለቀሰለት?" አለች።

"እኔ። ዓይኔን አቧራ ነው ያልኳችሁ ጊዜ።"

ይህን ስትሰማ ጩኸቱ ከሆዷ ተነሣ። እናት ናት፣ ምን ታድርግ። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ካልቱን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ሮብሌ ፊቱን አዙሮ መንገዱን ይጠብቃል። ይህን ኋላ የነገረችኝ ካልቱን ናት።

ከዚያ ወዲያ የሺአረግ ሸለቆውን አልረገጠችም። አንዲት የከተማ ሴት እዚያ ስትመላለስ ያየ ሰው መጠየቁ አይቀርም፣ በዚያ ዘመን ደግሞ ጠያቂ ሞልቷል። መንገዱን መምረጥ ግን የሷ ሆነ፤ ሁልጊዜ ዳገቱን። ከዳገቱ አንድ ኩርባ ላይ ቁልቁል ሲያዩ ግራሩ ይታያል። እዚያ ስትደርስ ትንፋሽ እንደምትሰበስብ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ጉልበቷ እየከዳትም እሑድን አላስታጎለችም።

ደርግ ሲወድቅ በየቤቱ ታፍኖ የኖረው ለቅሶ ፈነዳ። እኛም ተሰብስበን ሸለቆው ድረስ ወረድን፤ መሄድ የማልወደው እኔ እንኳ በዱላ ተደግፌ ሄድኩ። ሮብሌ ሸብቷል፣ አጥሩ ግን እንዳለ ነው። ግራሩ ሥር ስንደርስ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። እኔም ጮኽኩ፤ ስንት ዓመት የዋጥኩትን።

የሺአረግ ተነሥታ እጇን ዘረጋችብን። "ቀስ በሉ! በማርያም ይዣችኋለሁ ቀስ በሉ፣ ሮብሌን ይወስዱታል!"

ሮብሌ ከአጠገቧ ቆሞ ነበር። እጇን ይዞ፣ "ሄደዋል አዴ የሺ። ማንም የለም፣ አልቅሺ" አላት።

አልሰማችውም። ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተች።