የማብሪያ ማጥፊያው እህት

ግማሽ ጭንቅላቱን ተስተካክሎ መብራት የጠፋበት ሰው ምን እንደሚመስል ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ቶንዶሱ እጄ ላይ ፀጥ ይላል። ደንበኛው መስታወቱን ያያል፣ እኔ ጣሪያውን አያለሁ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ደግሞ በአንድ አፍ «ማብሪያ ማጥፊያው ገባ» ይላል። ሥራ ገባ ማለታቸው ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ የምንለው የሰፈራችንን ልጅ ነው። ልጅ ስል ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ እዚሁ አድጎ እዚሁ ስለሸበተ እንጂ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሥራውን እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ስንቴ አስረድቶኛል። ግድግዳውን የሞላ ሰሌዳ አለ፣ አገሩ በሙሉ መስመር በመስመር ሆኖ እዚያ ላይ ይታያል። የሚመረተው ከሚፈለገው ሲያንስ፣ ተረኛው ስልክ አንስቶ ማከፋፈያ ጣቢያውን «ይህን መስመር አውርድ» ይለዋል። በቃ። እሱ እዚያ «አውርድ» ሲል እኔ እዚህ ደንበኛዬን ኮፍያ አስደፍቼ እሸኛለሁ።

በሰሌዳው ላይ የማይነካ አንድ መስመር አለ። ድንበር ተሻግሮ ለጎረቤት አገር የሚሄደው ነው። ውል ተፈርሟል፤ ግድቡ ሞላም ጎደለም የተባለው ያህል ኃይል መሄድ አለበት፣ ካልሄደ ቅጣት አለ፣ የውጭ ምንዛሪውም ይቀራል። ስለዚህ በጋ ገብቶ ውኃው ሲቀንስ የሚቀነሰው ከእኛ ነው። የኃይል ኃላፊው «የአካባቢው የኃይል ማዕከል እየሆንን ነው» ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር በባትሪ ሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ መብራት ስላልነበረ። ማዕከል መሆናችንን አልጠላሁም። ማዕከሉ ላይ መብራት ቢኖር ግን ምን ነበረበት?

ማብሪያ ማጥፊያው አንዲት ታላቅ እህት አለችው። ሰፈሩ በሙሉ እቴቴ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልቀየረ ሕፃን ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ከጓሮ ያለችውን ክፍል አጸዳድታ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን አስገባች። አንድ ቀን ገብቼ አይቼዋለሁ። ቁም ሳጥን የሚያህል ነገር ነው፤ በመስታወቱ ሲያዩት እንቁላሎቹ በትሪ በትሪ ተደርድረው በዝግታ ይገላበጣሉ። ከሥሩ ውኃ የሞላ ሳህን አለ፣ ሙቀት መለኪያው በር ላይ ተንጠልጥሏል። ክፍሉ ይሞቃል፣ ላባ ላባ ይሸታል። እቴቴ እዚያ ውስጥ ድምፅዋን ቀንሳ ነበር የምታወራው፣ የተኛ ልጅ ያለ ይመስል። ሦስት ሳምንት ጠብቃ ጫጩቶቹን በካርቶን ትሸጣለች። ከድንበር ማዶ ሳይቀር እየመጡ ይገዟት ነበር።

አሁን ወደ ደንቡ ልምጣ፤ ነገሩን ሁሉ ያበላሸው እሱ ነውና። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ «የራስህን ሰፈር እየዘለልክ የእኛን ታጠፋለህ» የሚል ጭቅጭቅ ነበር አሉ። ቡጢ ሊሰናዘሩ ሲሉ ማብሪያ ማጥፊያው ብድግ ብሎ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ማንም ተረኛ ሲሆን መጀመሪያ የሚያወርደው የራሱን ሰፈር መስመር ይሁን። ደግሞም ለዘመድ ለወዳጅ ቀድሞ መናገር አይኑር፣ ለአንዱ የተነገረ ለሁሉም መነገር አለበትና። ሁሉም አጨበጨቡ። ደንቡ የትም አልተጻፈም፣ ቃል ብቻ ነው። ቀና ሰው ነው፣ አልክድም። ቀናነቱ የሚያርፈው ግን እኛ ላይ ነበር።

አንድ ረፋድ ላይ ጢሙን እያስተካከልኩት እቴቴ መጣች። ጨርቁ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ አገጩ በእጄ ተይዞ የትም ሊሄድ እንደማይችል አውቃ ነው የመጣችው።

«አንተ ልጅ፣ ቤት ስመጣ ተኝቷል ታስብላለህ፣ ስደውል አታነሳም። እዚህ ብይዝህ ነው እንጂ» አለችው።

«እቴቴ፣ ሰው ፊት አይሆንም።»

«ሰውማ ይስማ። አታጥፋ አላልኩህም። ማጥፋትህ እንጀራህ ነው። ልታጠፋ ስትል ብቻ ንገረኝ። ከሰል አያይዤ ክፍሉን አሞቃለሁ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ እሸፍነዋለሁ። ሰሞኑን ሊፈለፈሉ ነው፣ እስኪወጡ ድረስ ብቻ።»

«ለአንቺ ከነገርኩ ለሁሉም መንገር አለብኝ።»

«እኔ ላንተ ሁሉም ነኝ?»

አገጩ እጄ ውስጥ ስለሆነ ምራቁን ሲውጥ ተሰማኝ። ከዚያ «ደንብ ነው» አላት።

«ደንቡን ያወጣው ማን ነው?»

«ራሱ ነው» አልኩ። አፌ አያርፍም፣ ምን ላድርግ። በመስታወቱ ውስጥ በዓይኑ ገላመጠኝ። እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ተቆጥታ አልነበረም፤ የሚነግራት መስሏት ነው የወጣችው። ወንድሟ አይደል።

አልነገራትም። በዚያው ሳምንት ተረኛ ሆነ፣ ኃይል ጎደለ፣ የራሱን ሰፈር አስቀድሞ አወረደ። እቴቴ ገበያ ነበረች። መብራቱ በጠዋት ሄዶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። እሷ ከገበያ ስትመለስ ማሽኑ ቀዝቅዟል። ያኔ ስትጠራን ሮጠን የገባን ጎረቤቶች አየነው። ብዙዎቹ እንቁላሎች ተሰንጥቀዋል፣ ከስንጥቁ ትንንሽ ምንቃር ብቅ ብሏል፣ እንደዚያው ሆነው ቀርተዋል። እኔ ዶሮ የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ባልዲ ፍለጋ ቀድሜ ሮጥኩ። በባልዲ እየሞላን አወጣናቸው። ማብሪያ ማጥፊያው ከሥራ መጥቶ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ከጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ። እቴቴ አንድ ቃል አልተናገረችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር፣ እኔም ብሰድበው ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ማሽኑን ሸጠች። ከድንበር ማዶ እየመጣች ጫጩት ትገዛት የነበረች ሴትዮ የራሷን ትልቅ ማስፈልፈያ ከፍታ ነበርና ሠራተኛ አድርጋ ወሰደቻት። የራሷን ቤት ስታዝ የኖረች ሴት በዚያ ዕድሜዋ የሰው ቤት ተቀጣሪ ሆነች። ስትሰናበተኝ «እዚያ መብራት አይጠፋም ይላሉ» አለችኝ። አይጠፋም ነበር። ከኛ እየተቆረጠ የሚሄደው እዚያ አይደል እንዴ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሌላውን ጉድ የሰማሁት። ከታችኛው ሰፈር የሚመጣ አንድ ደንበኛ አለኝ፣ እሱም እዚያው መቆጣጠሪያ ክፍል ነው የሚሠራው። እየተስተካከለ ሳለ ስልኩ አንዴ ጠርታ ዝም አለች።

«በል ቶሎ ጨርሰኝ፣ ሊጠፋ ነው» አለኝ።

«በምን አወቅህ?»

ሳቀ። «ተረኛው ከማውረዱ በፊት ሚስኮል ያደርጋል። እኛም ለቤት እንነግራለን። ቀድመህ አትናገር ተባለ እንጂ ሚስኮል አታድርግ ያለ የለም።»

«ሁላችሁም?»

«ከአንድ ግትር በስተቀር። እሱ ቃል ቃል ነው ይላል፣ እኛም አንነግረውም።»

እውነትም ፀጉሩን ሳልጨርስ መብራቱ ሄደ። በዚያ ቀን በግማሽ ጭንቅላት ስሸኘው ደስ እያለኝ ነው።

ለማብሪያ ማጥፊያው ነገርኩት። ሆዴ ውስጥ ማቆየት አልቻልኩም። «እና እቴቴን ለምን ብዬ ነው...» አለ፣ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም ላስጨርሰው አልፈለግሁም።

በዓመቱ በጋው ከረረ። ኃላፊው ተነስቶ በሌላ ተተካ፣ አዲሱም «ቅድሚያ ለአገር» የሚል ፖሊሲ ይዞ መጣ። ያ የማይነካው መስመር ተነካ። ትእዛዙ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የደረሰ ጠዋት ተረኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስልኩን አንስቶ ድንበር ተሻጋሪውን መስመር «አውርድ» ያለው የእኛው ሰው ነው። እኛ ዘንድ በዚያ በጋ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ወረፋዬ እስከ በር ደርሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥቶ ጎራ ሲል ያ ሲሰድበው የኖረ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበለት። አንዱ ተራውን ለቀቀለት። ሌላው «ከዛሬ ጀምሮ ማብሪያ ብቻ ነህ፣ ማጥፊያውን ፍቀንልሃል» አለው። ፈገግ እያለ ተቀመጠ። ጨርቁን ሳስርለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እቴቴም እኮ ያለችው እዚያው ያወረድኩት መስመር ላይ ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

እጄ ቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«አትደንግጥ። ከማውረዴ በፊት ሚስኮል አድርጌላታለሁ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቤን ሰበርኩ። ክፍሉን ለማሞቅ ጊዜው ይበቃታል።»

ቀለል ብሎት ነበር፣ ድምፁ ውስጥ ይሰማል። ቶንዶሱን አስነሥቼ ከማጅራቱ ጀመርኩ። ብዙም ሳልሄድ ስልኩ ጠራ። አይቶ «እቴቴ ናት፣ ቶንዶሱን አጥፋልኝ» አለኝና አጠፋሁት። ስልኩ የድሮ ነው፣ የሚያወራውን ሰው ድምፅ ቤቱን ሙሉ ያሰማል።

«የኔ ጌታ፣ ደህና ነህ ወይ?» አለች። «ጠዋት ስልክህን አየሁት። ትሪ ይዤ ስለነበር ሳላነሳው ዘጋኸው። መልሼ ብደውል ዝግ ነው።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ እቴቴ።»

«ገብቶኛል። ወንድሜ ናፍቄው ደወለልኝ ብዬ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ከዚያ ካለፈው ነገር ወዲህ ቀድመህ ደውለህልኝ አታውቅማ። ለሴትዮዋም ነገርኳት። ወዲያው መብራት ሄደ። ከመጣሁ ጠፍቶ ስለማያውቅ ይመለሳል ብለን ቁጭ ብለን ጠበቅነው፣ እስካሁን የለም። ቀዝቅዟል። ነገ ተነገ ወዲያ የሚወጡ ነበሩ። አሁን እሷ እኔ ላይ ናት። ወንድምሽ መብራት ቤት እየሠራ እንዴት አላወቅሽም ትላለች። እኔ በምን አውቄ?»

እሱ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«ትሰማኛለህ? ለመሆኑ ምን ልትለኝ ነበር የደወልከው?»

በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ያይ ነበር። እኔም እሱን አይ ነበር። ወረፋ የያዙት ወሬያቸውን ይዘዋል፣ ከእኔ በስተቀር ነገሩ የገባው ሰው አልነበረም።

«ምንም» አላት። «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«እሰይ። እኔም ናፍቀኸኛል። ሌላ ጊዜ ግን እስካነሳው አስጠራው፣ እሺ?»

«እሺ እቴቴ።»

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ቶንዶሱን ይዤ ቆምኩ።

«ልተወው?» አልኩት።

«ቀጥል» አለኝ። «መብራት እያለ ጨርሰኝ።»

አስነሣሁት። ወረፋ ነበረብኝ።