አንዴ ብቻ ተጠየቅኩ

ደርግን ሸሽተን ናይሮቢ ስንገባ ከርዕሰ መምህርነቴ የተረፈኝ አንድ ኮትና ኩራቴ ነበር። ኮቱን ነፍሰ ጡር ባለቤቴ ደረበችው፤ ኢስትሊ ሰፈር የተከራየናት ክፍል ትበርዳለች። ኩራቱን የሚወስድልኝ ግን አላገኘሁም።

ባለቤቴ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። አከራያችን ማክሰኞ ዕለት መጥቶ ወንድሙ ከገጠር ሊገባ መሆኑን ነገረንና እስከ እሁድ ክፍሉን ልቀቁ አለን። እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ወረቀት ለሌለው ስደተኛ፣ ያውም ሚስቱ ልትወልድ ለደረሰች፣ ማን ያከራያል?

ሐሙስ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅኳቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ላቪንግተን የሚባል የሀብታሞች ሰፈር ወሰዱኝና ከአንዲት ኬንያዊት አሮጊት ጋር አስተዋውቀውኝ ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። አሮጊቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። አትክልተኛቸው ሥራውን ትቶ ሄዷል፤ ከግቢው ጀርባ ያለችው የሠራተኛ ክፍልም ባዶዋን ናት። አሳዩኝ። አልጋ አላት፣ መስኮት አላት፣ በሯ ላይ ቧንቧ አለ። ባለቤቴ እዚያች አልጋ ላይ ሕፃን ታቅፋ ታየችኝ።

በእንግሊዝኛ፣ «ሥራውንም ክፍሉንም ትወስዳለህ? ባለቤትህን ይዘህ ዛሬውኑ ግባ» አሉኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «አይ፣ አመሰግናለሁ፣ አላስቸግርዎትም» አለ።

ያገሬ ሰው ይህን ይረዳልኛል። እኛ ዘንድ ብላ ሲሉህ ሆድህ እየጮኸ «በልቻለሁ» ትላለህ። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ ትግደረደራለህ፣ ክንድህን ይዞ ያስቀምጥሃል፣ ያኔ እጅህን ትታጠባለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ስግብግብ ነው፣ ያላሳደጉት። እኔም አቀርቅሬ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቅኩ። ትሕትና መሆኑ ነበር እኮ! እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ ሦስቴ እንዲለምኑኝ ፈልጌ ነበር። ስንት መምህር ያስተዳደርኩ ሰው ሣር ለማጨድ ካልተለመንኩማ ምኑን ሰው ሆንኩ ብዬ።

አሮጊቷ ግን አፈሩ። ቅር አሰኝቼህ ከሆነ ይቅርታ ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ። በሩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ይጠሩኛል ብዬ ቆሜ ነበር። አይ እኔ!

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ስንቴ ጠየቁህ?» አለችኝ።

«አንዴ» አልኳት።

ኮቱን ሆዷ ላይ ሳብ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ላቪንግተን ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ እባክዎ፣ እፈልገዋለሁ፣ እለምንዎታለሁ። ስደርስ አንድ የማላውቀው ሰው አጥሩን ይከረክማል። ሚስቱ የዚያችን ክፍል መስኮት ትወለውላለች። አሮጊቷ ወጡ። የተለማመድኩትን ሁሉ ተናገርኩ፣ ውሻ ማጠብም ቢሆን እሠራለሁ፣ ለባለቤቴ ጥግ ብቻ ይስጧት አልኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ትናንት አልፈልግም አልከኝ፤ አመንኩህ» አሉኝ። ሰዎቹ ትናንት ማታ ገብተዋል፣ አሮጊቷም ሌላ ክፍል የላቸውም። ሰው ደጅ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሻይና ዳቦ ላምጣልህ አሉ። አንዴ ነው ያሉት። ቃላቸውን ሳይጨርሱ እሺ አልኩ። ሻዩን በቁሜ ጠጣሁ፣ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ኢስትሊ ተመለስኩ።

ባለቤቴ ተቀበሉህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ ገባት። ዳቦውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ከተጋባን ጀምሮ «በሞቴ» ብላ ሳታጎርሰኝ አንድ ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ለራሷ ቆርሳ ቆርሳ በላች። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እጇን አያለሁ፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አንዴ እንኳ ብላ ብትለኝ እበላ ነበር።