በዶቃ መሃል የጠፋ ጥርስ

«ቀጥ በይ፣ አትተንፍሺ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከሙሽራዋ ጀርባ በርጩማ ላይ ቆማ። የመጨረሻዋን ዶቃ አንገትጌው ላይ ሰፍታ ክሩን ቋጠረች። ከዚያ እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ በፊት ጥርሷ ነከሰችው።

ቀጭ አለ።

ክሩ ግን አልተበጠሰም።

«ምን ተሰበረ? ዚፑ ነው?» አለች የሙሽራዋ አክስት ደንግጣ።

ልብስ ሰፊዋ በምላሷ አፏን ዳሰሰች። የአንዱ የፊት ጥርሷ ግማሹ የለም።

ሰፈርተኛው «መቀሷ» ነው የሚላት፤ ክር በጥርሷ እንጂ በሌላ ነገር ቆርጣ አታውቅም። ስኳር ያለው ለስላሳ የተወችው ሐኪም «ደምዎ ውስጥ ስኳር እየጨመረ ነው» ብሎ ካስደነገጣት ወዲህ ነው። ለስላሳ መጠጣቱን ግን የሚያስጥላት አልተገኘም፤ ስኳር አልባ ወደሆነው ዳይት ዞረች። ጠርሙሱ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አይጠፋም። ጠዋት ከፍታ እስከ ማታ ትጎነጫለች፣ አረፋው ድዷን እንዲኮረኩራት ትጉመጠመጥበታለች፣ ከዚያ ብድግ ብላ ጥርሷን ትቦርሻለች። ስለ ጥርሷ ላነሳባት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «ስኳር የሌለው ነገር ጥርስ ምን ያደርጋል?»

«ጥርሴ!» አለች አሁን አፏን ሸፍና። «ቀሚስሽ ውስጥ ገባ!»

አክስት ስልክ አውጥታ የጥርስ ሐኪሟን ጠየቀች። «ስባሪው ከተገኘ ወተት ውስጥ አድርጋችሁ አምጡት፤ ልለጥፈው እሞክራለሁ» አለ።

ፍለጋው ተጀመረ። ችግሩ ቀሚሱ ከአንገት እስከ ጫፍ ነጭ ዶቃ መሆኑ ነው።

«ነጭ ነው?» አለች አክስት ወለሉ ላይ እየዳኸች።

«ጥርስ ነዋ! ሰማያዊ ይሆናል?»

«አገኘሁት!»

«ኧረ እሱን ተይው፣ የኔ ስፌት ነው! አትንቀዪብኝ!»

«እትዬ፣ ልዝለል?» አለች ሙሽራዋ።

«ዝለይ የኔ እናት!»

ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ገመድ ዘላይ ነጠረች። ዶቃ ዘነበ፤ ጥርስ የለም። መቀሷ ሳቀች፤ ስትስቅ ትንፋሿ በስባሪው ክፍተት አፏጨ። ፉጨቱን የሰማች ሙሽራ በሳቅ ስትንፈራፈር የወገቧ መቆለፊያ ተፈናጠረ። አክስት «አታስቂያት! ራቁቷን ልትድሪያት ነው?» እያለች ራሷ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

ውጭ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ። መቆለፊያውን በመርፌ ቁልፍ አያያዙት።

«እትዬ፣ እወድዎታለሁ፤ ግን ለጥርስ ብዬ ባል አላስመልጥም» ብላ ሙሽራዋ ወጣች፤ አክስትም ተከተለቻት።

መቀሷ የወተት ኩባያ ይዛ ደጃፉ ላይ ቀረች። ጥርሷ በሌላ ሰው ሰርግ ላይ ሊጨፍር ሲሄድ እያየች ነው። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ቀጥ አለ። በሩ ተበረገደ። ሙሽራዋ ዘላ ወረደች።

«እትዬ! ነከሱኝ! ጀርባዬን ነከሱኝ!»

መቀሷ ወተቱን እየደፋች ሮጠች። አክስት እጇን እስከ ክርኗ በአንገትጌው አስገብታ ፈተሸች፣ አወጣች፣ ወደ ብርሃን አነሳች።

«ይሄስ ዶቃ አይደለም!»

ጠብ፤ የተረፈው ወተት ውስጥ። ሹፌሩ ሳይቀር አጨበጨበ።

ክሊኒክ ስትደርስ የጥርስ ሐኪሙ ጥርሶቿን አንድ በአንድ አየና «ምን ይጠጣሉ?» አላት።

«ዳይት። ስኳር የለውም።»

«ስኳር የለውም፤ አሲድ ግን አለው። ቀኑን ሙሉ ሲጎነጩት የጥርስዎን ሽፋን ያለሰልሰዋል። መቼ ነው የሚቦርሹት?»

«ወዲያው ጠጥቼ እንደጨረስኩ!» አለች በኩራት።

«የለሰለሰውን ፍቀው እያነሱት ነዋ። በውሃ ተጉመጥምጠው ትንሽ ቆይተው ነበር መቦረሽ። ክሩም የሰበረው የሳሳውን ጥርስ ነው።»

«በንጽሕና ጨረስሽው በሉኛ!»

ሐኪሙ እጁን ከአፏ አውጥቶ ሳቁ እስኪያልፍለት ጠበቀ።

ስባሪው በዚያው ቀን ተለጠፈ። በዓመቱ ፖም ስትበላ ወለቀ፤ አሁን ጥርሷ ሰው ሠራሽ ሽፋን አለው።