በፈረስ የተሸኘችው ጦጣ

ይህ የሆነው ዘንድሮ፣ ለትምህርት እንጅባራ በመጣሁ በአምስተኛው ወር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ያጌጠ ፈረስ ባየሁ ቁጥር መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። የዳንግላ ልጅ ነኝና ፈረስ ብርቄ አይደለም፤ የሚያስቀኝ ሌላ ነው።

መምህራችን ሰው ቤት በገመድ ታስራ የከረመች አንዲት ግልገል ጦጣ አስለቅቀው ወደ ጫካ ሊመልሷት ይጥሩ ነበር። "የሚያግዘኝ ማን ነው?" ሲሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማገገሚያዋ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ፣ አያ ታደሰ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ የተሠራ የቀርከሃ ቤት ነበር።

ሕጉ ጥብቅ ነው። ፊታችንን በነጠላ እንሸፍናለን፣ አጠገቧ አናወራም፣ በእጃችን አናጎርሳትም። ሾላና እንጆሪ ሰቅለንላት እንሸሻለን። ሰው ከለመደች ማሳ መግባት አትፈራም፤ ድንቹን የነቀለችበት ገበሬ ደግሞ አይምራትም። እኔማ ሲያስነጥሰኝ እንኳ ወደ ውጭ እሮጥ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ በሩን ከፈትንላት። የጫካው ጦጣዎች ማዶ ካለው የሾላ ዛፍ ላይ ሰፍረዋል። የእኛዋ ወጣች፤ አየቻቸው፤ ዘወር ብላ የአያ ታደሰ ፈረስ ጀርባ ላይ ጉብ አለችና ጋማውን ትቀምል ጀመር።

ለካ የፈረሱ ጋጥ ከቤቷ ጋር የተያያዘ ነው። በቀርከሃው ቀዳዳ እጇን እየሰደደች ከፈረሱ ጋር ወዳጅ ሆናለች! ከሰው ስንጠብቃት ስለ ፈረሱ ያሰበ አልነበረም።

መምህራችን ወደ ዳር ወሰዱንና በሹክሹክታ "እንዲህ ከቀጠለች ዕድሜዋን ሙሉ ተዘግቶባት መኖሯ ነው" አሉ። እንባዬ መጣ።

አያ ታደሰ ግን ሳቁ። "በእግርሽ ሂጂ ስትሏት ነው ያኮረፈች! እኛ አገር ሙሽራ በፈረስ ነው የሚሸኝ።"

ፈረሱን እንደ ሰርግ ቀን በቀይ ዘርፍ አስጌጡት። ሕግ ነውና በጋቢያቸው እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነው ወጡበት። ጦጣዋ ከኋላቸው ጋቢውን ጨምድዳ ያዘች።

ይህን ጊዜ ጎረቤታቸው እቴ ሙሉ በአጥር አሻግረው አዩ። "ኧረ የሰው ያለህ! የታደሰን ፈረስ ሌባ ወሰደው!" ብለው ዱላ ይዘው ተከተሉ። ለእኛ ደግሞ መናገር ክልክል ነው! እጄን ባወናጭፍላቸው እኔንም የሌባ ተባባሪ አደረጉኝ።

ፈረሱ ሾላው ሥር ሲደርስ አንዲት የጫካ ጦጣ ዘልላ ወርዳ ቀዩን ዘርፍ በጥሳ ወጣች። የእኛዋ ይህን አልቻለችም። የፈረሷን ጌጥ ልታስመልስ ተከትላት ዛፉ ላይ ወጣች። ተጓተቱ፤ ተጯጯሁ። ቆይተው ግን ዘርፉን ረስተው ጎን ለጎን ተቀመጡና መቀማመል ጀመሩ። አያ ታደሰ ፈረሳቸውን ይዘው ቢመለሱም ዞራ አላየቻቸውም።

የሦስት ወር ዝምታዬ በእልልታ ፈነዳ። ደንግጬ አፌን በነጠላዬ አፈንኩና መምህሩን አየሁ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እቴ ሙሉም ዱላቸውን ጥለው እልልታዬን ተቀበሉኝ፤ ለምን እልል እንደምንል ግን ገና አልገባቸውም ነበር።

አሁንም በየሳምንቱ ሄጄ ጦጣዎቹን ከሩቅ አያቸዋለሁ። አያ ታደሰ ሲያገኙኝ "ልጅሽ የትኛዋ ናት? ዘርፌን ልጠይቃት" ይሉኛል።

"እኔ እንጃ አያ፣ ሁሉም አንድ ሆነውብኛል" እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ስል ይከፋኝ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያች ቃል የሚያኮራኝ የለም።