ለጋሼ ሳይነገር የቆየው

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ፊደል አልለየችም፤ እሱ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ ፔዳሉን እየረገጠ «ዛሬ ደግሞ ምን ተማርሽ?» ይላታል። ሰምቶ አይጠግብም። ፀሐይ ኮከብ መሆኗን ከእሷ የሰማ ዕለት ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ የአንዱን ሱሪ አሳጥሮ ቆርጦት አረፈ።

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እዚያው ተመራማሪ ሆና ቀረች። ሥራዋ ድንክ በሚባሉት፣ ጥቂት ከዋክብት ብቻ ባሏቸው ትንንሽ ጋላክሲዎች ላይ ነው። አብዛኛው ክብደታቸው ለዓይን የማይታይ ጥቁር ቁስ ነው። በኮምፒውተር ስታሰላው ይህ ቁስ መሀል ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ይከማቻል፤ በቴሌስኮፕ የተለካው የከዋክብት ፍጥነት ግን መሀሉ ልል ነው ይላል። ነገሩ ዓመታት አናቷን አዞረው።

በዚያው ሰሞን አንድ እሁድ ልትጠይቀው ሄደች። ከስፌቱ ቀና ብሎ፣

«የማይታይ ከሆነ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» አላት።

ጥሩ ጥያቄ ነበር። እሷ ግን ስሌቱ እምቢ ብሏት ሆድ ብሷታል።

«ተወው ጋሼ፣ አይገባህም።»

«እሺ» አለና መርፌው ላይ አጎነበሰ። አልተቆጣም። ምሳ አቀረበላት፤ ስትሄድም እንደ ወትሮው እስከ ታክሲው ሸኛት። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ከዋክብት ጠይቋት አያውቅም። «ሥራ እንዴት ነው?» ይላታል፤ «ደህና» ትለዋለች፤ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። መጠየቅ መተዉን እንኳ ያስተዋለችው ቆይታ ነው።

በመጨረሻ እንቆቅልሹ ተፈታላት። ለካ ሥራው የከዋክብቱ የራሳቸው ነው። ትልልቆቹ ሲፈነዱ ኮከብ የሚወለድበትን ጋዝ ከመሀል ጠራርገው ያስወጡታል፤ የጥቁር ቁሱ ስበት መልሶ ይጎትተዋል፤ ሌላ ፍንዳታ ይከተላል። ጋዙ እንዲህ ሲመላለስ ጥቁር ቁሱም በስበቱ እየተናጠ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይሸሻል። ስበቱ ደካማ የሆነ ጋላክሲማ ጋዙ አምልጦት አዲስ ኮከብ መውለድ ያቆማል። የተመራማሪዎች ስብሰባ ላይ ስታቀርበው ተጨበጨበላት። ጭብጨባው ሳያልቅ ወንድሟ ትዝ አላት።

በማግስቱ ሄደች። ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ወንበር ስባ ከሀ እስከ ፐ ነገረችው፤ የዚያን እሁድ ጥያቄ መልስም ጭምር። ከዋክብቱ እንደዚያ እየፈጠኑ የማይበታተኑት አንድ የማይታይ ክብደት ስለያዛቸው ነው አለችው። እሱ ካውያውን እያስኬደ አንገቱን ይነቀንቃል። አነቃነቁን ታውቀዋለች፤ ደንበኛ ሲለፈልፍበት እንደዚያ ነው።

«ገባህ ጋሼ?»

«እንኳን ደስ አለሽ፣ የኔ እናት። ለእናንተ ነው እንጂ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል?»

ክፋት አልነበረበትም። የከፋትም ይኸው ክፋት አለመኖሩ ነው።

«ያን ጊዜ አይገባህም ያልኩህ…»

«መቼ?» አላት። ረስቶት ይሁን እንዳታፍር ብሎ፣ አላወቀችም።

አሁንም እሁድ እሁድ ትሄዳለች። ሄዳም ስለ ጋላክሲዎቹ ታወራዋለች፤ በትዕግሥት ያዳምጣታል። ስትጨርስ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ምናልባት አንድ ነገር ይጠይቀኝ እንደሆን ብላ። እሱ ሸሚዙን አጥፎ ሌላ ያነሳል።