ካቻቢቴዋ የጠፋች ዕለት

ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀዬ፣ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ከሚሰማበት ርቀት ላይ፣ ከአጎቴ ጋር እኖራለሁ። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም። እሱ አላገባም፤ እኔም እህት ወንድም የለኝ።

አጎቴ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የተዋጊ ጀት መካኒክ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ሻንጣ መፍቻና አንድ የግሉን ደብተር ይዞ አገሩ ገባ። ማረስ ረስቶ ነበር፤ መቁጠር ግን አልረሳም። የቤቱን ግድግዳ አዲስ ለስኖ እንዳበቃ ያለውን እቃ አንድ በአንድ እያስደገፈ ዙሪያውን በከሰል ሣለው። ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም በገዛ ጥላው ላይ ይሰቀላል። ባዶ ጥላ ከታየ አንድ እቃ ጎድሏል ማለት ነው።

የደብሩ ቄስ ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ግድግዳውን ያዩና፣ "ሌላው ሰው ቅዱሳንን ያሥላል፤ አንተ መዶሻ ሣልክ" ይሉታል።

"እርስዎ ይርጩት ብቻ፣ አባ፤ መዶሻም ይጠፋል" ይላቸዋል።

ለምን እንደሚቆጥር የነገረኝ ገብስ ስናርም ነው። ጀቱ ከመነሣቱ በፊት መካኒኩ እቃውን ይቆጥራል። አንዲት ካቻቢቴ ከጎደለች አይነሣም፤ የጀቱ ሆድ ውስጥ ተረስታ ከሆነ አየር ላይ ትንከባለልና መሪው ውስጥ ትቀረቀራለች፣ አብራሪውም አለቀለት። ሁሉ ከሞላ መካኒኩ ይፈርማል፣ አብራሪው ተረክቤአለሁ ብሎ ይፈርምና ይሄዳል። መካኒኩ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

"እስከ መቼ?" አልኩት።

"እስኪመጣ። እስኪመጣ ሌላ ሥራ የለኝም።"

ስለ ጀቱ ከጀመረ አረሙ ይረሳል። መጀመሪያ የተሠራው ሌላ አውሮፕላን አሳድዶ እንዲመታ ነበር አለኝ፤ አፍንጫው ውስጥ ሩቅ የሚያይ ራዳር ነበረው። በኋላ የሠሩት ሩሲያዎች መሬት ላይ ያለውንም ይምታ አሉ። ራዳሩን አወጡና አብራሪው ከሥሩ ያለውን አገር እንዲያይ አፍንጫውን እንደ ዳክዬ ቁልቁል አሾሉት። ከታች ለሚተኮሰው ደግሞ ጎኑን ብረት አለበሱት። ክንፉም ይንቀሳቀሳል፤ ቦምብ ተሸክሞ ሲነሣ ይዘረጋል፣ ሲፈጥን ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ጭቃ በነካው እጁ ክንፍ እየሠራ አሳየኝ። "ተዋጊም ነው፣ ቦምብ ጣይም ነው" አለኝ፤ ልጁን እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

"ቦምቡ የሚወድቅበት ሰው አለ?"

ጥቂት አረም ነቀለ። "እኔ ብሎን ነው የማጠብቀው" አለኝ።

ሰሜን ላይ ጦርነት የተነሣ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የቀድሞዎቹ የጀት ባለሙያዎች እየተጠሩ ነው ተባለ። አጎቴ ሻንጣውን ሲያወርድ አየሁት። ጎረቤታችን እትዬ እየመጡ አብረውኝ እንደሚያድሩ ነገረኝ።

"ስንት ቀን?"

"አላውቅም።"

እናቴን ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዷትም "አላውቅም" ነበር ያሉኝ። ስለዚህ ካቻቢቴዋን ወሰድኩ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ የጤፉ ጎታ ውስጥ ሰድጄ ከታች ቀበርኳት። እቃ ከጎደለ አይነሣም ብሏላ።

በማግስቱ ሊወጣ ሲል ግድግዳውን ቆጠረ። ቆመ። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። አልጋውን ገለበጠ፣ ምድጃውን በረበረ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ የደጁን ጭቃ በእጁ ዳሰሰ። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ወደ ማርቆስ አለፈ። ደስ አለኝ፤ ምን ልደብቅ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው አለፈ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ጎረቤታችን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "ኧረ አንተ፣ ለአንዲት ካቻቢቴ ቀረህ? ፈራሁ ብትል ማን ይፈርድብሃል?" አሉት።

"ጎድላለች፣ እትዬ" አለና ሳቀ።

እሳቸው ሲሄዱ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባዶውን ጥላ ሲያይ ቆየ። አጠገቡ ተቀምጬም ብቻውን ነበር። እንዲህ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

"እኛ መካኒኮቹ ጋ እቃ ሲጠፋ ‹ማን ጣለው?› አይባልም" አለኝ፣ ዞር ሳይል። "‹የት ነው?› ነው የሚባለው። የተናገረ አይቀጣም።"

"ጎታው ውስጥ" አልኩት።

አወጣት፣ በጋቢው ጫፍ ጠረጋት፣ ጥላዋ ላይ ሰቀላት። አልተቆጣኝም። ደብተሩን አውጥቶ እቃዎቹን በግድግዳው ተራ ጻፈ፣ ከሥሩ ፈረመና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። "ተረካቢ አንቺ ነሽ።"

"ፊደል አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ካቻቢቴዋን ሣያት።"

ሣልኳት። በማግስቱ ደብተሩን ለእኔ ትቶ ሄደ።

እትዬ ለማደር ይመጣሉ፤ ቀን ቀን ቤቱ የእኔ ብቻ ነው። ወሬዬን ለግድግዳው አወራለሁ፣ እቃ እቆጥራለሁ። ደብተሩን ከግድግዳው ጋር ሳስተያይ መጥረቢያና መዶሻ በአንድ ፊደል እንደሚጀምሩ አየሁ። ማንበብ የተማርኩት እንዲህ ነው። ዓመቱ ሲዞር የደብተሩን የፊት ገጾች ማንበብ ቻልኩ። በየመስመሩ ቀን አለ፣ የአብራሪ ፊርማ አለ፣ መጨረሻው ላይ በአጎቴ እጅ "ተመለሰ" ይላል። አንዱ መስመር ላይ ብቻ እንዲህ የሚል የለም። እሱን መስመር ካነበብኩ በኋላ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር ወደ መንገዱ እሮጥ ነበር።

አጎቴ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመለሰ። ሳይቀመጥ ግድግዳውን ቆጠረና ከሥዕሌ ሥር ፈረመ። ስለዚያ መስመር ብጠይቀው ደብተሩን ዘግቶ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ከዚያ አማኑኤል ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ሞተሩን ፈትቶ በገጠመ ቁጥር ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ እያጉረመረመ ይሰለፋል፤ እሱ መፍቻዎቹን ቆጥሮ ሳይጨርስ አያስነሣውም ነበር።