የዘገየው የዮሃኔ ለቅሶ

በእኛ መንደር ሰው መሞቱን የምንሰማው በኤኔሌሲ ፊሪ ድምፅ ነበር። ሟቹ የማንም ይሁን፣ ቺቴንጄዋን፣ ያን ባለ ቀለም ሽርጧን፣ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ታስርና ደጃፉ ላይ ቆማ አንዴ እሪ ካለች፣ እርሻ ያለው ዶማውን ይጥላል፣ ወፍጮ ቤት ያለው እህሉን ትቶ ይመጣል። ሬሳ ሳይቀበር ሥራ መሥራት እኛ ዘንድ ነውር ነው። ለቅሶ የማይደርስም በተራው ቀባሪ ያጣል። ኤኔሌሲ ያልደረሰችበት ለቅሶ አልነበረም። እናቴ ስትሞት የእኔ ድምፅ ተዘግቶ ነበር፤ ያለቀሰችልኝ እሷ ናት።

ከለቅሶ ውጪ ደግሞ ሳቂታ ነበረች። ባሏ በወጣትነቷ ሞተባት፤ ልጅም አልወለደች። ታናሽ ወንድሟን ዮሃኔን ግን አዝላ አሳደገችው። አደገና ደቡብ አፍሪካ ማዕድን ሊቆፍር ወረደ፤ ሲመለስ ሳንባው አልቆ ነበር። እንዲያም ሆኖ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ከበሮ ይመታ ነበር።

በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ከባሕር ማዶ ወጣት አገልጋዮች ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ይመጣሉ። ሁለት ሳምንት ይሰብካሉ፣ ከልጆች ጋር ይዘምራሉ፣ ይገነባሉ፣ ይሄዳሉ። እውነቱን ለመናገር ክፉዎች አይደሉም፤ እጃቸው ውሃ እስኪቋጥር ነው የሚሠሩት። የምናበስልላቸው እኔና ኤኔሌሲ ነበርን። የበቆሎ ገንፎውን በማንኪያ ጫፍ ሲቆነጥሩት ስታይ፣ "እነዚህን ማን ነው ጡት ያስጣላቸው?" ትልና ትስቃለች። እነሱም ምን እንዳለች ሳያውቁ አብረዋት ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት የሰንበት ትምህርት አዳራሽ እየሠሩ ነበር። ዓርብ ሲነጋ ጣሪያው ገና ግማሹ ነው የተከደነው። ቅዳሜ ይመረቃል፣ እሑድ እንግዶቹ ይሄዳሉ። ዮሃኔ የሞተው በዚያው ዓርብ ማለዳ ነው።

ኤኔሌሲ ወደ ደጅ ወጣችና ቺቴንጄዋን ጠበቅ አደረገች። አፏን ከመክፈቷ በፊት ግን ለጸሎት የጠራነው ፓስተር ቺምዋዛ ተከትሏት ወጣ።

"ናፊሪ፣" አላት በጎሳዋ ስም አክብሮ፣ "አፈር ስሆን ድምፅዎን አያሰሙ። እርስዎ ካለቀሱ ሰዉ ሁሉ ሥራውን ይጥላል። ጣሪያው ሳያልቅ እንግዶቹ ይሄዱብናል፤ ለከርሞ ደግሞ ሌላ መንደር ነው የሚሄዱት።"

"ይንገሯቸዋ። ወንድሟ ሞቷል ይበሏቸው።"

"እንግዳ እንዴት በሐዘን ይሸኛል? እስከ እሑድ ብቻ ይቻሉት። እኛ ዛሬ ማታ በጸጥታ እንቀብረዋለን።"

"ወንድሜን እንደ ሌባ ልትቀብሩት?"

የመንደሩ ሹም ተስማምቷል አላት። ኤኔሌሲ ቺቴንጄዋን ላላ አደረገችና፣ "እሺ፣ ሆድ ይፍጀው" ብላ ከእኔ ጋር ወደ ማብሰያው ሄደች። የመንደሩን ሬሳ ሁሉ ያለቀሰች ሴት የራሷን ሬሳ እንዳታለቅስ ተከለከለች። እኔ ቆሽቴ አረረ፤ ግን ሹም ያለውን ማን ይሽራል?

ቀኑን ሙሉ ገንፎ ስታማስል ዋለች። ሶፊ የምትባል የእንግዶቹ አለቃ የኤኔሌሲ ሳቅ የት እንደሄደ ጠየቀች። ፓስተሩ ደክሟት ነው አላት። ልጅቷም ከልቧ አዝና ትከሻዋን አሸችላት፣ ድካሟ እንዲለቃትም ጸለየችላት። ኤኔሌሲ "አሜን" አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዶቹ ዮሃኔን በትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ በታጨደው የበቆሎ ማሳ በኩል ወደ መቃብሩ ጫካ ወሰዱት። መዝሙር የለም፣ ከበሮ የለም። ጣሪያው ላይ መዶሻው አላቆመም። ኤኔሌሲ ማማሰያዋን ይዛ፣ ወንዶቹ ዛፎቹ መሀል እስኪገቡ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ድስቱን ከእሳቱ አወረደች።

እሑድ መኪናው ተጭኖ መንደሩ ሁሉ ለመሰናበት ወጣ። እንግዶቹ ስንብት አይችሉም፤ አንገት ላይ ተጠምጥመው ይንሰቀሰቃሉ። ሶፊ ኤኔሌሲን አቅፋ አለቀሰች። የኤኔሌሲ እጅ ወደ ወገቧ ሲወርድ አየሁት። ቺቴንጄዋን ጠበቅ አደረገች።

እሪ አለች። የዮሃኔን ስም ጠራች፣ አዝላው ሳለ የምትጠራውን የቁልምጫ ስም ጠራች፣ የበላውን ማዕድን ረገመች፣ ማን አለቀሰልህ አለችው። ሴቶቹ መጀመሪያ ክው አሉ። ከዚያ አንዷ እጇን ራሷ ላይ ጭና መለሰችላት፣ ሌላዋ ቀጠለች፣ ሁላችንም ተቀበልናት። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፓስተሩ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እንግዶቹ እንዲህ ተወደው አያውቁም መሰል፣ እርስ በርስ ተቃቅፈው አብረውን አለቀሱ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእነሱም አልገደደም። ለማን እንደሚያለቅሱ ብቻ አላወቁም። አንዱ ፎቶ አነሳን።

ፓስተሩ እንደፈለገው እንግዶቹ በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ኤኔሌሲ ግን ከዚያ በኋላ ማብሰያው አልገባችም፤ በሰው ለቅሶም ድምፅዋን አታሰማም። ዛሬ ሞትን የሚነግረን የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። እንግዶቹ ያንን ፎቶ አሳድገው፣ መስታወት አልብሰው አምጥተዋል። ኤኔሌሲ አፏን ከፍታ፣ እጆቿ ወደ ላይ፣ ሶፊ አንገቷ ላይ። ከሥሩ "ፍቅራችሁን አንረሳም" ይላል። አዳራሹ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሰቀሉት።

እኔ አልቻልኩም። እንግዶቹ እንደሄዱ ይህ ፌዝ ነው፣ ይውረድ ብዬ ፓስተሩ ላይ ጮህኩበት። እሱም ወንበር አምጥቶ ሊያወርደው ወጣ። ኤኔሌሲ ከኋላችን ነበረች።

"ይተዉት፣" አለችው። "ወንድሜ ሌላ ለቅሶ የለውም።"

እሑድ እሑድ ከፎቶው ሥር ትቀመጣለች። ጣሪያው እስከ ዛሬ አያፈስም።